የኢድዋል ፔንሪ ኮፍያ

ኢድዋል ፔንሪ ሞቶ የተገኘው ኮፍያውን እንዳጠለቀ ነበር። በዚህ ማንም አልተገረመም። በሰሜን ዌልስ፣ በፔናርላስ ካውንቲ ኢድዋልን ያለዚያች ግራጫ ኮፍያ ያየው ሰው ቢኖር ያዋለደችው ነርስ ናት፤ እሷም ከሞተች ቆይታለች።

አስከሬኑን ያገኘችው የምክር ቤቱ ጸሐፊ ኬይንዌን ናት። ዕለቱ የግንቦት ማክሰኞ ነው፤ በቅርቡ የተመረጠው ምክር ቤት አራት ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰብስቦ መሪውን ሊመርጥ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ኬይንዌን የሰብሳቢውን የማዕረግ ሐብል ከካዝናው ልታወጣ በጀርባ ያለውን የድንጋይ ደረጃ ወረደች። ኢድዋል ከደረጃው ግርጌ ተጋድሟል። ለጸሎት ቤት የሚለብሰውን ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ጫማውን ወልውሏል፣ ኮፍያው ግንባሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«አጎት ኢድዋል፣ እዚህ ምን ያስተኛዎታል?» አለችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ሲያንቀላፋ የምትቀሰቅሰው እሷ ስለነበረች አፏ ከዓይኗ ቀደመ። ከዚያ ነው ፖሊስ ልትጠራ ወደ ላይ የሮጠችው።

ኢንስፔክተር ኔስት አርዌል ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። አጭር ናት፣ ክብ ናት፣ የካፖርቷ ኪስ በዘቢብ ቂጣ የተሞላ ነው። የደቡብ ሰው ናት። እኛ ሰሜኖቹ የደቡብ ሰው ዌልስኛ ሲናገር ዘፈን የጀመረ ነው የሚመስለን፤ ሴትዮዋም ይህን ስለምታውቅ ሰው ፈገግ እስኪል ጠብቃ ነው ጥያቄዋን የምትጥለው።

ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ኮፍያውን በእርሳስ ጫፍ አነሳችው። ከማጅራቱ በላይ ጠልቆ የገባ ቁስል አለ፤ ደሙ በነጩ ጸጉር ላይ ደርቆ ጠቁሯል። የኮፍያውን ውስጥ ወደ መስኮቱ አዙራ አየች። ነጠብጣብ እንኳ የለበትም። ገበሩ ግን ዙሪያውን በስለት ተተርትሮ ተንጠልጥሏል።

«ደረጃው ስንት ነው?» አለች።

«ሃያ ሦስት» አለች ኬይንዌን።

«እኔ ከሦስት ደረጃ ብወድቅ ኮፍያዬ የሚገኘው ጎረቤት ቤት ነው።» ኢንስፔክተሯ ቂጣዋን ገመጠች። «ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ከአርባ አካባቢ ሞቷል ይላል። እርሶ ከሁለት ተኩል ጀምሮ የት ነበሩ?»

«ወረቀት ክፍል፤ አጀንዳ እየደረደርኩ።»

«ማን አየዎት?»

«የፎቶኮፒው ማሽን።»

ኢንስፔክተሯ ሳቀች፤ ስቃም ጻፈችው። «እንግዲህ አስከሬኑን ያገኙት እርሶ፣ ምስክር የሌለዎትም እርሶ። ከእኔ አይለዩ። አንደኛ እንዳይጠፉብኝ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ቤት እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ኬይንዌን ሃያ ስድስት ዓመት የዚህን ቤት ቁልፍ ይዛ አንድ ቀን ስሟ በክፉ ተነስቶ አያውቅም። ትንሽ ከተማ ነው። እስከ ምሳ ድረስ ወሬው ሥጋ ቤት፣ እስከ ማታ መዘምራኑ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ፖሊስ ነጻ ናት ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍላት የሚያነብላት አይኖርም።

ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጌራልት በኮሪደሩ መጣ። ረጅም፣ ጸጉረ ብር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። የምክር ቤቱን ሠራተኞች ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው፤ ምርጫ ሲደርስም የምርጫ አስፈጻሚው እሱ ነው። በሰው ፊት «እርሶ» ይባባላሉ፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን አብረው ያረጁ ጓደኞች ናቸው። ትከሻዋን ያዝ አደረጋት።

«አይዞሽ ኬይን። የምትናገሪውን ብቻ አስቢበት፤ ሲጨንቅሽ ነገር ይደባለቅብሻል» አላት በጆሮዋ።

ዕንባዋ መጣ። ዛሬ ደግ ያናገራት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ኢንስፔክተሯ «እስቲ እንደ ልጅ አስረዱኝ» አለች። «ይህ ሰው ሲሞት ማን ይጠቀማል?»

«ሃያ ዘጠኝ ወንበር አለን። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል የራሱን ሰው ይልካል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ለአምስት ዓመት ይገባል። ዘንድሮ የቲዱር ፓርቲ አሥራ አራት አገኘ፣ የወይዘሮ ሃክስቢ የግል ተመራጮች ኅብረትም አሥራ አራት። አጎት ኢድዋል የማንም አይደለም፤ ለብቻው አንድ።»

«መሪውን ሕዝቡ አይደለም የሚመርጠው?»

«አይ። ሕዝቡ እነሱን፣ እነሱ መሪውን፣ መሪው ካቢኔውን። እስከ ዛሬ መሪው ቲዱር ነው።»

«ኢድዋል እጁን ለማን ሊያወጣ ነበር?»

«ለቲዱር ነዋ። የእህቱ ባል ነው። እጁን ያወጣለታል፣ ከዚያ ቤቱ ሄዶ እራት እየበላ ይሰድበዋል።»

«አሁን ከሞተስ?»

«አሥራ አራት ለአሥራ አራት። እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ሁለተኛ ድምፅ አለው። ሰብሳቢው ደግሞ የቲዱር ወገን ነው።»

«ኢድዋል ቢኖርም ቲዱር፣ ቢሞትም ቲዱር።» ኢንስፔክተሯ ቆም አለች። «ሞቱ ምንም ካልለወጠ፣ የተገደለው ለድምፁ አይደለማ። ሊናገረው ላለው ነገር ነው።»

ቲዱር ጌሲንን በፓርቲው ክፍል አገኙት። ደረቱ ሰፊ፣ ሳቁ የታወቀ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ሁለቱም የሉም።

«ከቡድኔ ጋር ነበርኩ» አለ። «ከስብሰባ በፊት ዘወትር እንቀመጣለን። አሥራ ሦስት ሰው ይመሰክርልኛል።»

«አሥራ ሦስቱም እርሶ አሥር ደቂቃ ወጥተው ነበር ብለው መስክረውልዎታል።»

ቲዱር መሬት መሬት አየ። «ኢድዋልን ፍለጋ ነው። ትናንት ደውሎ ‹ነገ ከምርጫው በፊት የምናገረው አለኝ፤ ቅር እንዳይልህ› አለኝ። ‹ምንድነው?› ስለው ‹ጠዋት ትሰማለህ› ብሎ ዘጋው። ፈለግሁት፣ አጣሁት፣ ተመለስኩ።» ስልኩን አውጥቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ለሚስቴ ማን ሊነግራት ነው? ወንድሟ እኮ ነው።»

ወይዘሮ ሃክስቢ በትልቁ አዳራሽ ነበረች። እንግሊዛዊት ናት፤ ሃያ ዓመት አብራን ኖራ፣ የበግ ውሾች አሠልጥና፣ ከሰላምታ ያለፈ ዌልስኛ አልወጣላትም። ስብሰባው በዌልስኛ ስለሆነ እሷና መሰሎቿ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይከታተላሉ፤ ከኋላ በመስታወት ክፍል ተቀምጣ የምታስተረጉመው ማብሊ ናት።

«ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ከአሥር ትናንት ቅጂውን ለዋና ሥራ አስፈጻሚው የላክሁትን ንግግር እዚህ ቆሜ ስለማመድ ነበር» አለች ወይዘሮዋ። «ማብሊ ምስክሬ ናት። ስታዛጋብኝ ነበር።»

ማብሊ ከመስታወቱ ክፍል አንገቷን አወጣች። «አላዛጋሁም። ሚንት ከረሜላ እየመጠጥኩ ነበር።»

«አርባ ደቂቃ ሙሉ?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሥራ አልነበረዎትም?»

«እኔ የምተረጉመው ከዌልስኛ ወደ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውንማ ማን የማይሰማ አለ? እሷ ስትናገር ማይኬን ዘግቼ ቁጭ ነው። መጀመሪያ ላይ በዌልስኛ ‹እንደምን አደራችሁ› አለች፤ እሷን ተረጎምኩላት። ከዚያ ወዲያ ጸጥ።» ወደ ላይ በአገጯ አመለከተች። «መይሊርም ነበረ። ፎቁ ላይ ሆኖ፣ ቂጣ ውስጥ የተጋገረ ሥጋ ሲበላ ሽታው ገደለኝ።»

መይሊር ሮደሪክ አሁንም ፎቁ ላይ፣ ተመልካች በሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። የሉካንዳ ባለቤት ነው፤ በኩም ኬሊ የምርጫ ክልል በወይዘሮ ሃክስቢ ኅብረት ስም ኢድዋልን ተወዳድሮ የተሸነፈው እሱ ነው። ተሸነፈ ከተባለ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ለአራት መቶ አሥራ ሁለት» አለ፣ ጣቱን እየጠረገ። «ሦስት ጊዜ ተቆጠረ። በሦስተኛው ዕጣ ይውጣ ተባለ። ሕጉ ነው አሉኝ። ሰው አምስት ዓመት በዕጣ ይገዛል?»

«ኢድዋልን ጠልተውት ነበር ማለት ነው።»

«ኢድዋልን? በጋችንን አብረን ነው የምንሸልተው። እኔ የጠላሁት ዕጣውን ነው።» ፊቱ ጨለመ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አዳራሹ በር ላይ ሲንጎራደድ አገኘሁት። ‹መይሊር፣ ዛሬ ሳትወጣ ቁጭ ብለህ ስማ› አለኝ። አኩርፌ ስለነበር አልመለስኩለትም። ሰላም እንኳ አላልኩት።»

ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ቂጣ ሰጠችው። «ዕጣው በምን ነበር የወጣው?»

መይሊር ሳይፈልግ ሳቀ። «በራሱ ኮፍያ። ጌራልት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ። እኔ ነኝ ‹ማንቆርቆሪያችሁን አላምንም፤ በዚህ ካውንቲ የሚታመን ነገር ካለ የኢድዋል ኮፍያ ነው› ያልኩት። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ጌራልት እምቢ ማለት አልቻለም።»

ኢንስፔክተሯ ማኘኳን አቆመች። ወደ ኬይንዌን ዞረች። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ። እያንዳንዷን።»

ኬይንዌን ዓይኗን ጨፈነች። ዓርብ እኩለ ቀን ነበር። ከሦስተኛው ቆጠራ በኋላ በሁለት ቁራጭ ወረቀት ሁለት ስም ጻፈች፤ አንዱ ኢድዋል፣ አንዱ መይሊር። በአረንጓዴ ብዕሯ ነው፤ በሥራዋ ሃያ ዓመት ስትሞላ ጌራልት የሸለማት ብዕር ነው፤ ከሷ በቀር በአረንጓዴ የሚጽፍ የለም። ወረቀቶቹን ለጌራልት ሰጠችው። እሱ አጣጠፋቸው፣ ኮፍያው ውስጥ ጣላቸው፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንዷን አወጣ። ኢድዋል። ሰዉ ጮኸ፣ ገበሬዎቹ ኢድዋልን ትከሻቸው ላይ አወጡት፤ እሱም ኮፍያውን ከጠረጴዛው መንትፎ እራሱ ላይ ደፋ።

«ሌላዋስ ወረቀት?»

«በግርግሩ ወድቃ ይሆናል አለኝ ጌራልት። ከሰነዱ ጋር ያሸግኩት አንዷን ብቻ ነው።»

«ወረቀቶቹን ለሕዝቡ አሳይቷል? ሁለቱን?»

«የወጣችዋን ብቻ።»

«ብዕርዎ ሙሉውን ቀን ከእጅዎ አልተለየም?»

ኬይንዌን አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። «ሦስተኛው ቆጠራ ሲካሄድ ጌራልት ተውሶኝ ነበር። የሱ አልጽፍ ብሎት።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈችው። ኬይንዌን ግን ምንም አላሰበችም፤ ማሰብ አልፈለገችም። ጌራልት ማለት እኮ ሕጉ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ የቲዱር ደጋፊ የምርጫ ጣቢያ በር ላይ ኬክ አደለ ብሎ ኬኩን በማስረጃነት አሽጎ ሦስት ወር ያስቀመጠ ሰው ነው።

ጌራልት ቢሮው ውስጥ በገዛ እጁ ሻይ ቀዳላቸው። የቢሮው በር የሚከፈተው ወደ ጀርባው ደረጃ አናት ነው። ጠረጴዛው ላይ ከአዳራሹ ጋር የተገናኘ ማዳመጫ ተቀምጧል።

«ኢድዋልን ዛሬ አላየሁትም» አለ። «ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ከአሥር ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። ማዳመጫውን አድርጌ የድምፅ ሙከራውን ስከታተል ነበር። የወይዘሮ ሃክስቢን ንግግር በሙሉ ማብሊ ስትተረጉመው ሰማሁት። ስለ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ያለችው ጥሩ ነበር፤ ‹ልጆቻችን በጨለማ አይጠብቁም› ብላለች።»

«በዚህ ማዳመጫ?» ኢንስፔክተሯ አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «ሁልጊዜ በዚህ ነው የሚከታተሉት?»

«አይ፣ እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ ዌልስኛ የአፍ መፍቻዬ ነው። ዛሬ ለሙከራው ያህል ነው።» ፈገግ አለ። «ለእንግዶች ነው የሚሆነው። ለደቡብ ሰውም ሊያስፈልግ ይችላል።»

ኢንስፔክተሯ ከልቧ ሳቀች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም በትልቁ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ቲዱር በቀኝ፣ ወይዘሮ ሃክስቢ በግራ፣ መይሊር ከፎቁ ወርዶ መሃል ላይ የኢድዋል ወንበር አጠገብ ቆመ፤ ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጠም። ማብሊ በመስታወቱ ክፍሏ ለወይዘሮዋ ልታስተረጉም ተዘጋጀች። ጌራልት እንደ ወትሮው ከሰብሳቢው ወንበር በስተቀኝ፣ ኬይንዌን አጠገቡ።

«ከኮፍያው ልጀምር» አለች ኢንስፔክተር ኔስት። «ሃያ ሦስት ደረጃ የወደቀ ሰው ኮፍያ እራሱ ላይ አይቀርም። ቁስሉ ደምቷል፣ የኮፍያው ውስጥ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ኮፍያውን ሌላ ሰው ያጠለቀለት ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። አንድ ሰው ወስዶት ነበር፤ ገበሩን ተርትሮ ፈተሸው፤ ከዚያ ኢድዋል ያለ ኮፍያ ቢገኝ አገሩ ሁሉ ኮፍያው የት ሄደ ስለሚል መልሶ አመጣው። ለዚህ ሁሉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። አቶ ቲዱር፣ እርሶ አሥር ደቂቃ ነው የወጡት።»

ቲዱር በረጅሙ ተነፈሰ።

«ታዲያ ኮፍያ ውስጥ ምን ይፈለጋል? ያቺ ኮፍያ በሕይወቷ ከኢድዋል ራስ ሌላ የያዘችው ነገር ቢኖር ሁለት ዕጣ ነው። አንዱ ወጣ። ሌላው ውስጧ እንዳለ ባለቤቷ አጠለቃት። ባልወጣው ዕጣ ላይ ያለው ስም የመይሊር መሆን አለበት። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ማንም አይፈልገውም፤ ቁራጭ ወረቀት ነው። ሰው የተገደለበት፣ የመይሊር ስም ስላልነበረበት ነው። ሁለቱም ዕጣ ኢድዋል ነበር።»

መይሊር የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። «ብያለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን የድል ድምፅ አልነበረም። «ይሄንን ነው ቁጭ ብለህ ስማ ያለኝ።»

«ይሄንን ነው። መይሊር ቢያልፍ ወይዘሮ ሃክስቢ አሥራ አምስት ሆነው መሪ ይሆኑ ነበር። ወይዘሮ፣ በምርጫ ቅስቀሳ ወረቀትዎ ላይ መጀመሪያ ያተሙት ቃል ምን ነበር?»

ወይዘሮዋ የማብሊን ድምፅ ጠብቃ መለሰች። «ዋና ሥራ አስፈጻሚውን አሰናብተን በአዲስ ሰው እንጀምራለን።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጌራልት ዞረ።

«እኔ ማዳመጫ ላይ ነበርኩ» አለ ጌራልት፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ። «ንግግሩን በሙሉ ሰምቻለሁ።»

«ማብሊ፣ ጠዋት በማዳመጫው ምን ተሰማ?»

ማብሊ ማይኳን ዘግታ ከክፍሏ ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «‹እንደምን አደራችሁ›። ሌላ ምንም። ወይዘሮ ሃክስቢ በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፤ እንግሊዝኛ አልተረጉምም። ማይኬ ዝግ ነበር።»

«አርባ ደቂቃ ጸጥታ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይህን ማዳመጫ አድርጎ የሚያውቅ እንግዳ ሁሉ፣ በእንግሊዝኛ ሲነገር ዝም እንደሚል ያውቃል። አቶ ጌራልት ግን የአገር ልጅ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ አዳራሽ ሲቀመጡ አንድ ቀን ጆሯቸው ላይ አድርገውት አያውቁም። ስለ አውቶቡሱ ያሉት ትናንት ከተላከላቸው የንግግር ቅጂ ላይ ያነበቡትን ነው።»

ጌራልት ወደ ኬይንዌን አላየም። እጆቹን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሁለት ዕጣ በአንድ ስም ተጽፎ ከሆነ፣ ማን እንደጻፈ መጠየቅ ተገቢ ነው» አለ። «እኔ ዕጣ አልጽፍም። የጻፈችው ጸሐፊዋ ናት። አረንጓዴ ቀለም ነው፣ የእጅ ጽሕፈቱም የሷ ነው። ዛሬ ጠዋት የት እንደነበረች ያየ ሰው የለም፤ አስከሬኑንም ያገኘችው እሷ ናት። ለመናገር የዘገየሁት አዝኜላት ነው።»

«ኬይን» አላለም። «እርሶ» እንኳ አላለም። «ጸሐፊዋ» አለ።

ኬይንዌን በመጀመሪያ የተሰማት ንዴት አይደለም። አንድ ነገር ተረስቷል የሚል ስሜት ነው፣ ምድጃ ሳያጠፉ ከቤት እንደመውጣት። አስከሬን ያገኘ ሰው ስንቱን ይረሳል። ከሁሉም ዓይን ስር ተነስታ ወደ አዳራሹ በር ሄደች።

በሩ አጠገብ ከግድግዳው ጋር በምስማር የተመታ አሮጌ የእንጨት ሣጥን አለ። ድሮ አባላት መግለጫ ሊሰጡ ሲፈልጉ ማስታወቂያቸውን እዚያ ያስገቡ ነበር። ኢሜይል ከመጣ ወዲህ የሚጠቀምበት የለም፤ ጌራልት ሁለት ጊዜ ይነቀል ብሎ አዟል፤ ኢድዋል ግን ኮምፒውተር አልነካም ስላለ፣ ኬይንዌን አናጺ መጥራቱን ሁለቴም «ረሳችው»። ስብሰባ በሚኖር ቀን፣ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ትከፍተዋለች። ዛሬ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረጃው ስር ነበረች።

ከቁልፎቿ ትንሿን መርጣ ከፈተችው። ውስጡ አንድ ፖስታ አለ። ለኢንስፔክተሯ ሰጠቻት፤ ኢንስፔክተሯ ግን መለሰችላት። «በእርሶ ስም ነው የተጻፈው» አለቻት።

ኬይንዌን አነበበችው። ድምፏ እስከ ፎቁ ተሰማ።

«ኬይንዌን ልጄ፤ ዛሬ ከምርጫው በፊት የግል መግለጫ ስለምሰጥ ስሜን አስገቢልኝ። ትናንት ኮፍያዬ በዝናብ ርሶ ሳደርቀው በገበሩ ቀዳዳ ይህች ወረቀት ወጣች። ያልወጣው ዕጣ ነው። የመይሊር ስም ሊኖርበት ሲገባ የኔ ስም አለበት። ስለዚህ ወንበሩን እለቃለሁ፤ ምርጫው ይደገም። ስህተቱ እንዴት እንደተሠራ አላውቅም። ያንቺ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ አንቺ የሰው ስም ስትጽፊ እንኳ እየተጨነቅሽ ነው። ጌራልት በሰው ፊት እንዳይደነግጥ ቀድሜ ልነግረው ወደ ቢሮው እየወጣሁ ነው። ጨዋ ሰው ነው። ኢድዋል።»

ከደብዳቤው ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ወደቀች። አረንጓዴ ቀለም። ኢድዋል ፔንሪ። ኬይንዌን ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት። የስሙ መነሻ ላይ ያለችው ጭረት የሷ ናት፣ መጨረሻው ላይ ያለችው ጅራት የሷ ናት። ይህቺን የጻፈችው እሷ ትሁን፣ እሱ ይሁን፣ መለየት አልቻለችም።

«የትኛዋ እንደሆነች ግድ የለም» አለች ኢንስፔክተሯ በለሆሳስ። «ከምርጫው ሰነድ ጋር የታሸገችው አለች። ሁለት መሆናቸው ይበቃል። ጌራልት ኮፍያው ውስጥ አለች ብሎ ፈተሸ እንጂ፣ ኢድዋል ቀድሞ ሣጥኑ ጋ እንደሄደ አላወቀም።»

ጌራልት ሣጥኑን እያየ ነበር።

«በየአምስት ዓመቱ ይመጣሉ» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ደረታቸው ላይ ሪባን ለጥፈው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ቆሻሻው ይነሳል፣ መንገዱ ይጠገናል፣ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፤ ማን የሚሠራው ይመስላቸዋል? ኮፍያውን ብቻ ነው ልቀበለው የፈለግሁት። አልሰጥም አለ። ገፋሁት።»

«ብዕሬን የተዋስከኝ ዓርብ ነው» አለች ኬይንዌን። በሰው ፊት «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «ያኔ የሞተ ሰው አልነበረም። የሚያሳድድህም አልነበረም። ቁጭ ብለህ የእጅ ጽሕፈቴን ኮረጅክ፤ የመይሊርን ዕጣ በሱ ለወጥክ።»

«አንቺን የሚጠረጥር ሰው የለም ብዬ ነው» አለ።

«አንድ ተገኘ።»

ጌራልት ፊቱን አዞረ። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት በጀርባው ደረጃ ሳይሆን በዋናው በር ወጡ። መይሊር ኮፍያውን ከኢንስፔክተሯ ተቀብሎ፣ የተንጠለጠለውን ገበር በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ መለሰ፤ በኢድዋል ወንበር ላይ አኖረውና ፎቁ ላይ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ስምንት ሰዓት ላይ ምክር ቤቱ ተቀመጠ፤ ሕግ ነውና መቀመጥ ነበረበት። ቲዱር በኩም ኬሊ የማሟያ ምርጫ እስኪደረግ የመሪው ምርጫ ይተላለፍ አለ። ወይዘሮ ሃክስቢ ደገፈችው። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ በአገሩ ታሪክ የመጀመሪያ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ኢድዋል ነቅቶ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን የአጀንዳው ተራ ቁጥር አንድ አለ። የእያንዳንዱ ስብሰባ መጀመሪያ እሱ ነው፤ ያልተገኙ ሰዎች ስምና የላኩት ይቅርታ ይነበባል። ኬይንዌን ተነሳች። አረንጓዴውን ብዕር ቀትር ላይ በከፈተችው ሣጥን ውስጥ ትታዋለች፤ የያዘችው ከማብሊ የተዋሰችውን እርሳስ ነው።

«ኢድዋል ፔንሪ፣ የኩም ኬሊ ተመራጭ» አለች። «አልተገኙም። ደብዳቤያቸው ደርሶናል።»

ጻፈችው። የእርሳሱን ጫፍ ወደ ቀጣዩ መስመር አወረደች።

«ጌራልት፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ። አልተገኙም» አለች። «ይቅርታ አልደረሰንም።»